ጋሼ ሊገዙት የነበረው ገመድ

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምላቸው ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝን መምህሬን ነው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የሚኖሩት እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ነው። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ፣ "አንተ ልጅ፣ የዩኤስቢ ገመዱን አገኘሁት! ካንተኛው የሚሻለውን። ልጄ ከአሜሪካ ልትልክልኝ ነው" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ የልጅ ደስታ ነበር። ስንት ነው አልኳቸው። 380 ዶላር። ርዝመቱስ? አንድ ሜትር።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ያስጨነቀኝ ዋጋው ብቻ አልነበረም። ይህን ነገር ጋሼ ልብ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ በኩል የ120 ዶላር ዩኤስቢ ገመድ አስመጥቼ ነበር። ኮምፒውተሬን ከዳክ ጋር የሚያገናኝ ነው። ዳክ የሚባለው በቁጥር የተቀመጠውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ቀይሮ ለአምፕሊፋየሩ የሚሰጠው ትንሽ ሳጥን ነው። ገመዱ ጥቁር የተጠለፈ ልባስ አለው። ጫፉ ወርቅ ተቀብቷል። ጋሼ አንድ እሁድ ቡና ሊጠጡ ቤቴ ሲመጡ አሳየኋቸው። አንድ የድሮ ዘፈን ከፈትኩና "ልዩነቱ ይሰማዎታል?" አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። "ይሰማኛል። ድምፁ ተከፈተ" አሉ። እኔም ይሰማኝ ነበር። አልዋሸኋቸውም። ከልቤ አምኜ ነው።

ያኔ ያመንኩትን ዛሬ አላምንም። ለምን እንደተውኩት ግን በደንብ ማስረዳት አለብኝ። ምክንያቱም ብዙ ወዳጆቼ ገና እዚያው ናቸው።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልበል። ጥሩ ድምፅ መውደድ ቅንጦት ነው ብዬ አላምንም። የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ የሚገዘገዝበትም የፈረስ ጭራ ነው። በጥሩ ስፒከር ስትሰማው ጭራው ከጭራ ጋር ሲፋተግ ይሰማሃል። በስልክ ስፒከር ስትሰማው የሚቀርልህ ዜማው ብቻ ነው። ይህን ልዩነት አንዴ የሰማ ሰው መመለስ ይከብደዋል። ለስፒከር ገንዘብ ያወጣ ሰው ላይ አልፈርድም። የኔ ጥያቄ ስለ ሌላ ነገር ነው። ከስፒከሩና ከአምፕሊፋየሩ ቀድመው ስለሚመጡት ዲጂታል ዕቃዎች ነው። ውድ የዩኤስቢ ገመድ፣ "ለሙዚቃ ብቻ የተሠራ" የኔትወርክ ስዊች (ኔትወርኩን ለብዙ ዕቃ የሚያከፋፍል ሳጥን)፣ ዩኤስቢውን "የሚያጠራ" ሳጥን፣ ሰዓቱን "የሚያስተካክል" ሌላ ሳጥን። አንዳንዱ ዋጋው ከስፒከሩ ይበልጣል።

ሙዚቃ ኮምፒውተር ውስጥ ሲቀመጥ ቁጥር ነው። ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ ባዋሉት ሲዲ፣ የድምፁ ሞገድ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት፣ ማለትም በ16 ዜሮና አንድ ይጻፋል። የግራና የቀኙ ሲደመር በሰከንድ 1,411,200 ዜሮና አንድ ይሆናል። ብዙ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሁለተኛው የዩኤስቢ ትውልድ ግን በሰከንድ እስከ 480 ሚሊዮን ቢት እንዲያሳልፍ ነው የተሠራው። ከሲዲው ሙዚቃ 340 እጥፍ ገደማ ነው። ሙዚቃው በዚህ ገመድ ሲሄድ፣ ሌሊት ባዶ አስፋልት ላይ ብቻዋን እንደምትሄድ ባጃጅ ነው። መንገድ የሚዘጋባት የለም።

ለጋሼ ያስረዳሁት በራሳቸው ሙያ ነው። "ጋሼ፣ የቃል ጽሕፈት ሲሰጡን ያስታውሳሉ?" አልኳቸው። "'ሀ' ብለው 'ሀ' የጻፈ ልጅ አገኘ። 'ለ' የጻፈ አጣ። ውድ ወረቀት ላይ ስለተጻፈ 'ሀ'ው የበለጠ 'ሀ' አይሆንም።" ዝም ብለው አሰቡ። "እጅ ጽሑፉስ?" አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የእጅ ጽሑፉ አናሎጉ ነው፤ እንደ ካሴቱ፣ የሞገዱ ቅርጽ ራሱ። ዲጂታሉ የሚያልፈው በፊደሉ ብቻ ነው። ፊደሉ እስከተነበበ ድረስ ተቀባዩ በራሱ እጅ፣ በራሱ ቀለም እንደገና ይጽፈዋል።

እንደኔ ግምት ፍርሃታችን የመጣው ከካሴት ነው። በካሴት ያደግን ሰዎች የመገልበጥን ጉዳት በጆሯችን እናውቀዋለን። ከጓደኛ የተገለበጠ ካሴት ከዋናው ያንሳል። ከተገለበጠው ላይ እንደገና የተገለበጠው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ሰው ይመስላል። በመንገዱ ያለው ዕቃ ሁሉ ከድምፁ ትንሽ ትንሽ ይሸራርፋል። በዚያ ዓለም ላደገ ሰው "የተሻለ ገመድ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል" ሲሉት ከሕይወቱ ጋር ይገጥምለታል። ሻጩም ያንን ልምድ ይዞ ነው የሚመጣው። ዲጂታል ዕቃ እየሸጠ በካሴት ቋንቋ ያወራል።

እኔ ሁለቱን ገመዶች ሞክሬያቸዋለሁ። ከፕሪንተር ጋር በነጻ የመጣልኝ ተራ ገመድ አለኝ፤ ጫፉ ከውዱ ጋር አንድ ዓይነት ነው። አንድ የድሮ ሃርድ ዲስክ በየተራ እየሰካሁ ያሉኝን ዘፈኖች ሁሉ ወዲያና ወዲህ ገለበጥኩ። ከዚያ የየፋይሉን አሻራ የሚያወጣ ፕሮግራም አስኬድኩባቸው። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል። በሁለቱም ገመድ አንድም የተለወጠ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። ፋይል ሲገለበጥ የተበላሸ ቁራጭ ካለ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ይጠይቃል። ሙዚቃ በዩኤስቢ ወደ ዳክ ሲፈስ ግን ተመልሶ መጠየቅ የለም። ያለፈ አልፏል። እውነት ነው። ግን ቢት ሲበላሽ ምን እንደሚሰማ እናውቃለን። "ጠቅ" ይላል። ወይም ለአፍታ ይቋረጣል። ወይም ይንጫጫል። ገመዱ የተቀጠፈበት ሰው ሰምቶታል። ቤዙ አይወፍርም፣ የዘፋኙ ድምፅ አይሞቅም። ቤዙ ብቻ እንዲወፍር በየሰከንዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ልኬቶች ተስማምተው፣ እያንዳንዳቸው በልክ በልካቸው መቀየር አለባቸው። ያንን የሚሠራው ሆን ተብሎ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ስህተት እንዲህ ያለ ቅኝት አያውቅም።

የኔ ገመድ ላይ ቀስት ተስሎበት ነበር። "የድምፁ ፍሰት በዚህ አቅጣጫ" ለማለት። በሁለተኛው ትውልድ ዩኤስቢ ዳታው በሁለቱም አቅጣጫ የሚመላለሰው በዚያው በአንድ ጥንድ ሽቦ ነው። ዳኩ ራሱ ኮምፒውተሩን "ቶሎ በል፣ ቀስ በል" የሚለው በዚያው ነው። ይህን ሳውቅ የተሰማኝ ንዴት ነው። ቀስቱን የሳለው ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም።

ስለ ኔትወርኩ ደግሞ ያስተማረኝ አከራዬ ቤት ያለው ራውተር ነው። ኢንተርኔቱን የምንጋራው ከእነሱ ነው። አንድ ማታ ዘፈን እየሰማሁ ሳለ የእነሱ ቆጣሪ ዘለለና ቤታቸው ጨለመ። ራውተሩም ጠፋ። የኔ ዘፈን ግን ቀጠለ። እስከ መጨረሻው ድረስ ሄዶ ጨረሰ። ያቆመው ቀጣዩ ዘፈን ላይ ሲደርስ ነው። ለካ ዘፈኑ በሙሉ ቀድሞ መጥቶ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ራውተሩ ሞቶ፣ ገመዱም ሬሳ ሆኖ ሙዚቃው ያው ከሆነ፣ የውዱ የኔትወርክ ገመድና የውዱ ስዊች ሥራ ምንድነው?

ደግሞ መንገዱን አስቡት። አገራችን ባሕር በር የላትም። ከውጭ የሚመጣው ዘፈን በባሕር ሥር ፋይበር ጎረቤት አገር ይደርሳል። ከዚያ በየብስ ይገባል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ድረስ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ሌላ መንገድ አለው። በየጣቢያው ማሽን ይቀበለዋል፣ ያጣራዋል፣ እንደገና ይልከዋል። በመንገድ የጎደለ ካለ መጨረሻ ላይ ያለው ኮምፒውተር ያስመልሳል። ይህን ሁሉ ሲያልፍ ማንም በብር የተለበጠ ገመድ አላነጠፈለትም። እና የመጨረሻዋ አንድ ሜትር ላይ ሲደርስ ነው 380 ዶላር የሚጠየቅለት?

ሻጮቹ ለዚህ መልስ አላቸው። "ነገሩ የቢት ጉዳይ አይደለም፣ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ነው" ይላሉ። ይህ ግማሹ እውነት ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ልመልስ። የዩኤስቢ ገመድ ከዳታው ጎን 5 ቮልትና የግራውንድ ሽቦ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት) ይዟል። ኮምፒውተር ውስጡ ጫጫታ ነው። ዳኩ በደንብ ካልተሠራ ያ ጫጫታ በግራውንዱ በኩል ገብቶ ሊሰማ ይችላል። ማውሱን ስታንቀሳቅስ አብሮ የሚንሿሿ ነገር ከሰማህ እሱ ነው። ግን ውዱም ገመድ የግራውንድ ሽቦ አለው፤ ጫጫታውም በእሱ ውስጥ እንደ ልቡ ያልፋል። መጀመሪያ ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅለህ በባትሪ ሞክረው። ካልጠፋ በኦፕቲካል ገመድ አገናኘው። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ነው፤ የሚሄደው ብርሃን ስለሆነ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍበት ምንም ሽቦ የለውም። የተለመደው የኔትወርክ ገመድ ደግሞ የሚሰካበት ዕቃ ውስጥ በትናንሽ ትራንስፎርመሮች ተለይቶ ነው የሚገባው። ይህ ከስታንዳርዱ ነው፤ ለሙዚቃ ተብሎ የተጨመረ አይደለም።

የመብራታችን ነገር ግን እውነተኛ ችግር ነው። እዚህ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይወጣል። ሄዶ ሲመለስ ዕቃ ያቃጥላል። ስታቢላይዘር መግዛት ዕቃህን ማዳን ነው። ቤትህ ግራውንድ ከሌለው ወይም ዕቃዎችህ ከተለያየ ሶኬት ከገቡ፣ ያ "እምምም" የሚል ድምፅ ይመጣል። የመብራታችን 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው) ነው የሚያጉረመርመው። ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ ግራውንድ አስገባ። ይህ ለሕይወትህም ነው።

ስለ "ሰዓቱ መዛባት" በአጭሩ ልለፍ። ጂተር ይሉታል። እያንዳንዱ ልኬት ወደ ድምፅ የሚቀየርበት ቅጽበት ትንሽ ሲዛነፍ ማለት ነው። የሌለ ነገር አይደለም። ግን ጃፓን ውስጥ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሰዎች በሙዚቃ ውስጥ ለይተው ለመስማት ዝንፈቱ በመቶዎች የሚቆጠር ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) መድረስ ነበረበት። አሁን በርካሽ በሚሸጡ ዳኮች ውስጥ የሚለካው ብዙውን ጊዜ ከ1 ናኖ ሰከንድ በታች ነው። ዛሬ የተለመዱት ዳኮች ደግሞ የሚሠሩት በራሳቸው ሰዓት ነው። ከገመዱ የሚመጣውን ተቀብለው ያጠራቅሙና በራሳቸው ምት ያወጡታል።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው። በደንብ ሰሙኝ። ከዚያ "ልጄ፣ የምትለው ይገባኛል። ግን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁኮ" አሉኝ። እዚህ ላይ የሰንጠረዥና የቁጥር ክርክር ያበቃል። ሰው በጆሮው የሰማውን በወረቀት ልትነጥቀው አትችልም። መንጠቅም የለብህም። ስለዚህ "እንሞክረው" አልኳቸው። "እኔም እሞከራለሁ።"

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ ዝናብ የሌለበት ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። የኔን የ120 ዶላር ገመድና የፕሪንተሩን ይዤ ሄድኩ። የልጅ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ እሷ ዳኛ ሆነች። ላፕቶፑንና ዳኩን በነጠላ ሸፈነችው። የአምፕሊፋየሩን ድምፅ አንዴ አስተካክለን ማንም እንዳይነካው ተስማማን። ይህ በጣም አስፈላጊ ነው። ሁለት ድምፆች ሲወዳደሩ አንዱ በትንሹ ከፍ ካለ፣ ጆሮ "ከፍ ያለ" አይልም። "የጠራ" ነው የሚለው። አንድ ሱቅ ሁለት ዕቃ ሲያሰማህ መጀመሪያ ይህን ጠይቅ።

ሁለቱን ገመዶች ስማቸው እየተነገረን ደጋግመን ሰማን። ከዚያ ፈተናው ጀመረ። ልጅቷ የአንድ ብር ሳንቲም ትወረውራለች። አንበሳ ከወጣ የኔ ገመድ፣ ሚዛን ከወጣ የፕሪንተሩ። ከነጠላው ሥር ነቅላ ትሰካለች፤ ያው ገመድ ቢደገምም ነቅላ ትሰካዋለች። እኛ ሰምተን ወረቀት ላይ እንጽፋለን። እርስ በርስ አንነጋገርም። 16 ዙር። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው 8 አካባቢ ያገኛል። ከ16ቱ 12 እና ከዚያ በላይ በዕድል የማግኘት ነገር ከመቶ 4 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 12 ያገኘ ሰው በእርግጥ ይሰማዋል ብለን አስቀድመን ቃል ተገባባን።

ጋሼ 7 አገኙ። እኔ 9።

ልጅቷ ውጤቱን ስታነብ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ያዙት። "ግን ያን እሁድ ሰምቼዋለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "እኔም ሰምቼዋለሁ ጋሼ" አልኳቸው። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይባላል። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ተረቱን በሌላ መንገድም አስበዋለሁ። የምንሰማው በጆሮ ብቻ አይደለም። ዋጋው ይሰማል። ገመዱን ያመጣልን ዘመድ ድካም ይሰማል። "ልዩነቱ ይሰማዎታል?" ያለው ሰው ፊት ላይ ያለው ጉጉት ይሰማል። ደግሞ አንድን ዘፈን ለሁለተኛ ጊዜ ስትሰማው ሁልጊዜ አዲስ ነገር ታገኝበታለህ፤ ያመለጠህን ክራር፣ ያላስተዋልከውን ትንፋሽ። በመካከል ገመድ ቀይረህ ከሆነ ምስጋናው ለገመዱ ይሆናል። ትጋቱ ግን የጆሮህ ነበር።

ይህ የሁለት የሐዋሳ ሰዎች ድክመት አይደለም። ሜየርና ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሙከራ ከፍተኛ ጥራት አለው የሚባለውን ቅጂ በሲዲ ደረጃ ከተላለፈው ጋር አወዳድረው ነበር። ከ554 ሙከራ ትክክል የሆነው 276 ነው። ግማሽ ማለት ነው። እውነቱን ሙሉ ለማድረግ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደኑ የኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆሹዋ ሪስ 18 ጥናቶችን አሰባስቦ ሰዎች 52.3 በመቶ ያህል እንደሚለዩ አግኝቷል። ከግምት ጥቂት ከፍ ይላል። ያ ግን ቅጂው ራሱ፣ ማለትም ቁጥሩ ራሱ ሲለያይ ነው። በኛ ሙከራ ቁጥሩ ያው ነበር።

አንድ ሰው "የተሞከረው የ120ው እንጂ የ380ው አይደለም" ሊል ይችላል። ልክ ነው። ግን ጋሼ 380ውን የፈለጉት 120ው "ተሰምቷቸው" ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ከሌለ ሁለተኛው ላይ የሚቆምበት የለም።

ትንሽ ቆይተው ጋሼ ስልካቸውን አወጡና ማስታወቂያውን አነበቡልኝ። እየተረጎሙ። "ከጥቁር ዝምታ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ" ይላል። "በአንተና በዘፋኙ መካከል ያለው መጋረጃ ይገፈፋል" ይላል። አርባ ዓመት ሰው ያስተማሩ የቋንቋ መምህር ናቸው። "ቃሉ ነው የያዘኝ" አሉ። "አየህ፣ አንድ ቁጥር የለበትም። ስንት እንደተለካ፣ በምን እንደተለካ የሚል ነገር የለበትም። እኔ ተማሪ እንዲህ ቢጽፍልኝ 'ምን ለማለት ነው?' ብዬ በቀይ አሰምርበት ነበር።" ገጹን ዘጉት።

ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ 380 ዶላር በብር ምን ያህል እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ልጃቸው ልትከፍል ነው፤ ግን እዚያም ገንዘብ ከዛፍ አይለቀምም። የሌሊት ፈረቃ ነው የምትሠራው። ያችን አንድ ሜትር ገመድ በስንት ሌሊት እንደምትገዛት ሳስብ አሁንም ይከነክነኛል። ይህን ጨምሬ የነገርኳቸው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሜ ብነግራቸው ፈተናውን ለእሷ ብለው የሚወድቁ መሰለኝ።

ከዚያ ቀና ብዬ ሳሎኑን አየሁት። ስንት ጊዜ የተቀመጥኩበት ቤት ነው፤ በዚያ ዓይን ግን አይቼው አላውቅም። ሁለቱ ስፒከሮች ቡፌው ውስጥ ናቸው። አንዱ ከቴሌቪዥኑ በስተግራ ካለው ሣጥን፣ ሌላው በስተቀኝ፤ ፊታቸው ላይ የመስታወት በር አለ። ቡፌው ጥግ ላይ ቆሟል። ወለሉ ሴራሚክ ነው። ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ። አንዴ አጨበጨብኩ። ክፍሉ "ጭርርር" ብሎ መለሰልኝ።

የሳሎኑን ርዝመት በሜትር ለካነው። 4 ሜትር ከ20። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ራሱን የሚያገዝፈው የመጀመሪያው ድምፅ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። የቤዝ ጊታር ትልቁ ክር ባዶውን ሲመታ የሚሰጠው ድምፅም 41 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ቤዝ ተጫዋቹ እዚያች ክር ላይ በመጣ ቁጥር ክፍሉ አብሮት ይጮኻል። ጥግ ደግሞ ይህን ያባብሳል። ጋሼ ለዓመታት "ቤዙ ይውጠዋል" የሚሉት ይህ ነበር። ይህን የሚያድን ዩኤስቢ ገመድ የለም።

ስፒከሮቹን አወጣናቸው። ሁለት የእንጨት ዱካ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ከግድግዳው አንድ ክንድ ተኩል ያህል ራቅ አድርገን፣ ወደ ጋሼ ወንበር ዘንበል አድርገን። ከመኝታ ቤት ወፍራም ምንጣፍ አምጥተን መሐል ላይ አነጠፍን። መስኮቱ ላይ ወፍራሙን መጋረጃ ሳብን። የጋሼ ባለቤት ከጓዳ ብቅ ብለው "ቤቴን ምን እያደረጋችሁት ነው?" አሉ። ያንኑ ዘፈን ደግመን ከፈትን።

እሳቸው ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት፤ ሊቆጡን የመጡት እትዬ። "ዛሬስ ቃሉ ይሰማል" አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። ምን እንደቀየርን አላወቁም። ስለ ድምፅ ጥራት ተጨንቀውም አያውቁ። እኔ ከሙከራው ሁሉ የበለጠ ያስደነቀኝ ይህ ነው። እውነተኛ ልዩነት እንዲህ ነው የሚሰማው። ከጓዳ ይሰማል።

ዱካው ግን ለእንግዳ መቀመጫ ስለሚፈለግ በኋላ አንድ አናጢ ጋ ሁለት ማቆሚያ አሠራን።

ገመዱን ከመግዛት ይልቅ ምን ላድርግ አሉኝ ጋሼ። ልጃቸው አንድ ነገር ልላክ ብላ እየጨቀጨቀቻቸው ነበር። ያኔ ካሴቶቹን ጠየቅኳቸው። ጋሼ ሁለት ካርቶን ሙሉ ካሴት አላቸው። አንዳንዱ ሱቅ የተገዛ ነው፤ አንዳንዱ ከሬዲዮ የቀዱት ነው። ሌላ ቦታ ይገኝ አይገኝ የማይታወቅ ነገር አለበት። ካርቶኑ ለዓመታት አልጋ ሥር ነው የተቀመጠው። የሐይቁ እርጥበት ለካሴት ደግ አይደለም። አንዳንዱን ስንከፍተው ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ አየን። ይህ ነው የሚጠፋው ድምፅ። ዳኩ ጋ ደርሶ የሚጠፋ ነገር የለም። ካርቶኑ ውስጥ ግን በየክረምቱ ይጠፋል።

ልጃቸው የላከችው ለድሮው ቴፕ የሚሆኑ የላስቲክ ቀበቶዎችና አንዲት ትንሽ የድምፅ መቅጃ ሳጥን ነው። አንድ ላይ የገመዱን ሩብ እንኳ አልፈጀም። የቴፑን ራስ፣ ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮልና በጥጥ ጠረግን። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ከራሱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን አገኘን። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። በዚህ ዝግታ ራሱ ከክሩ ጋር በትንሹ ከተዛነፈ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። ብሎኗን በቀጭን ጠመንጃ መፍቻ ሩብ ዙር እንኳ ሳናዞር ጸናጽሉ ብቅ አለ። ጋሼ "አቁም! እዚያው!" ብለው ጮኹ። ዓይናቸው ክፍት ነበር፤ ግን የሚያዩት የሚያምር ዕቃ አልነበረም። ዝገት የያዘች ብሎን ናት።

የኔ የ120 ዶላር ገመድ አሁን እዚያ ነው ያለው። መቅጃ ሳጥኗን ከላፕቶፑ ጋር ያገናኛል። ጠንካራ ገመድ ነው፤ ሥራውን ይሠራል። የፕሪንተሩን ወደ ፕሪንተሬ መለስኩት።

ካሴት መገልበጥ መቸኮል አይወድም። የ60 ደቂቃው 60 ደቂቃ ይፈጃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ። የልጅ ልጃቸው የዘፈኑን ስም ትጽፋለች፤ ጋሼ የማታውቀውን ይነግሯታል። እትዬ ቡና ያፈላሉ። ኃይለኛ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ድምፁን አንጨምርም፤ ላፕቶፑ መቅዳቱን ስለሚቀጥል ዝም ብለን የቴፑን የድምፅ መለኪያ መርፌ እያየን እንጠብቃለን። እስካሁን 41 ጨርሰናል። ባለፈው ሳምንት 42ኛው መሐል ላይ ቴፑ ክሩን በላ። ጋሼ ካሴቱን ቀስ ብለው አወጡት። ክሩን በእስክሪፕቶ አጥብቀው ጠቀለሉት። የተጨማደደችው ቦታ ሁለት ጣት የምትሆን ናት። ለዛሬ ከበድ ያለ መጽሐፍ ሥር አስቀምጠናታል።